ያለ መነጽር መነጽር ስገዛ

ያን ጊዜ አርባ ዓመቴ ነበር። ሚስት አልነበረኝም፤ የብርቱካን መጭመቂያ ግን ሁለት ነበረኝ። ሁለተኛውን የገዛሁት የመጀመሪያው ተበላሽቶ አይደለም። ሻጯ «ወንድሜ፣ ፊትህ ላይ ደግነት ይነበባል» ስላለችኝ ነው። እቤታችን ደግሞ የብርቱካን ጭማቂ የሚጠጣ ሰው የለም፤ እናቴን ጨጓራዋ ይከለክላታል፣ እኔ የሻይ ሰው ነኝ።

ከጀመርኩ አይቀር ሁሉንም ልንገራችሁ። ቁምሳጥኔ ውስጥ «ሲለበስ ይለቃል» ተብዬ የገዛኋቸው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልለቀቁ ጫማዎች አሉ። «አርቲስት አስመሰለህ» የተባልኩበት ባርኔጣም አለ፤ አድርጌው የወጣሁ ቀን የሰፈር ሰው «ሰይድ፣ ራስህን አሞህ ነው?» ብሎ ነው የጠየቀኝ። እናቴ አዲስ ዕቃ ይዤ በገባሁ ቁጥር እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ታየኛለች። «ሰይዴ፣ አንድ ቀን ሻጩን ራሱን ገዝተህ እንዳትመጣ እፈራለሁ» ትለኛለች። ደሴ ያደገች ሴት ናት፤ ሳትከራከር የገዛችው ሽንኩርት እንኳ የለም። ይህ ልጅ ከማን እንደወጣባት እስካሁን አልገባትም።

በሽታዬ ይሉኝታ ነው። አንድ ሻጭ ዕቃውን ከመደርደሪያ አውርዶ አቧራውን በእጁ ጠረግ ካደረገልኝ አለቀልኝ፤ ልፋቱን እንዴት ባዶ አደርገዋለሁ? በዚያ ላይ «አምሮብሃል» ካለኝ ኪሴ በራሱ ይከፈታል። ውሸቱን እንደሆነ እያወቅኩ ደስ ይለኛል። ከእኔ ወገን የሆናችሁ የምለው ይገባችኋል።

እንጀራዬ ማተሚያ ቤት ውስጥ እርማት ማንበብ ነው። ከላንቻ እምብዛም በማይርቅ አንድ ማተሚያ ቤት ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ የሰው ስህተት ስለቅም እውላለሁ። ለዚህ ሥራ ዓይን ያስፈልጋል፤ የእኔ ዓይን ደግሞ ያለ መነጽር የሚያየው አንድ ስንዝር ድረስ ያለውን ብቻ ነው። ከስንዝር ወዲህ የጉንዳን እግር አያመልጠኝም። ከስንዝር ወዲያ ዝሆን ቢቆም አጥር ነው የሚመስለኝ።

አንድ አርብ ለጁምዓ ሰላት መስጊድ ሄጄ ለውዱእ ለመታጠብ መነጽሬን አወለቅኩና እንደ ልማዴ ከቧንቧው በላይ ያለው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት። ሰው ብዙ ነበር። የአንዱ ክርን ነካው፣ ወደቀ፤ የሌላው እግር ረገጠው። ቅጭ ሲል ሰማሁ። «አውፍ በለኝ ወንድሜ፣ አላየሁትም!» አለኝ የረገጠው ሰው። እኔም ይሉኝታዬ አይደል፣ «ምንም አይደለም፣ አሮጌ ነው፣ ልጥለው ነበር» አልኩት። ሰውየው ውለታ የዋለልኝ ያህል ደስ ብሎት ሄደ።

እውነቱ ግን ከባድ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንድ አሳታሚ ድርጅት ዋና አራሚ ለመቅጠር ለፈተና ጠርቶኝ ነበር። ስንት ዓመት የተመኘሁት ሥራ ነው። ያለ መነጽር ጽሑፉን ማንበብ አያቅተኝም፤ ወረቀቱን አፍንጫዬ ላይ ለጥፌ ነዋ! አፍንጫውን ቀለም እያስነካ የሚያነብ አራሚ ማን ይቀጥራል? ያለኝ አንድ ቅዳሜ ነው፤ በእጄ ያለው ብርም ለአንድ መነጽር ብቻ የሚበቃ ነው። ተሳስቼ ከገዛሁ ሌላ ዕድል የለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት የታክሲ ረዳቶቹን ጥሪ በጆሮዬ ተከትዬ ካዛንቺስ ወረድኩ። ካዛንቺስ ከታደሰ ወዲህ መነጽር አድርጌም የሚጠፋኝ ሰፈር ነው፤ ያለ መነጽርማ ተዉት። ብዙ መብራትና መስታወት ያየሁበት ቤት ዘው ብዬ «መነጽር ፈልጌ ነበር» ስል «ወንድሜ፣ እኛ ፀጉር ነው የምንሠራው» አሉኝ። መነጽር ቤቱ ከጎኑ ነበር።

«ዌልካም ብሮ! ግባ ግባ! ቤትህ ነው በቃ!» አለኝ አንድ የወጣት ድምፅ። ሻጩ ነበር፣ ስሙ ናቲ። አርባ ዓመቴን ተሸክሜ ገብቼ «ብሮ» ስባል ገና ከበሩ ልቤ ቀለጠ። የሐኪም ወረቀቴን ሰጠሁት፤ ለሰኞ ጠዋት እንደሚያስፈልገኝም ነገርኩት።

«ችግር የለም። ሌንስ የሚቆርጠው ባለሙያችን እዚሁ ነው፣ ከጀርባ። ከሰባት ሰዓት በፊት ካዘዝክ ዛሬ አስር ሰዓት ላይ አድርገኸው ትወጣለህ። ከሰባት ካለፈ ግን ለማክሰኞ ነው። ደግሞ አንዴ ከተቆረጠ መመለስ የለም፣ እሺ ብሮ?»

አራት ሰዓት ሊሆን ነበር። ናቲ ወንበር ሳበልኝ። ቀጥሎ ደግሞ ሳልጠይቀው አንድ ለስላሳ ቷ አድርጎ ከፈተልኝ። ያኔ ነው ያለቀልኝ። የተከፈተ ለስላሳ መልሶ አይከደንም፤ ጠጥተው ሳይገዙ መውጣት ደግሞ በእኛ ቤት ነውር ነው።

ከዚያ ፍሬም ያጠልቅልኝ ጀመር።

እናንተ መነጽር የማታደርጉ ሰዎች ይህን ላታውቁት ትችላላችሁ። ሸሚዝ ሲገዛ ሰው መስታወት ያያል። የመነጽር ፍሬም ግን ባዶ ነው፣ ሌንስ የለውም፤ ስለዚህ መስታወት ፊት የቆመው ገዢ ዕውር ነው። መስታወቱ ውስጥ ያየሁት አንድ ጠይም ጭጋግ ብቻ ነበር። ጠጋ ስል አንድ ዓይኔን አያታለሁ፣ ፊቴን ግን አላየውም። ያማረብኝና ያላማረብኝ መሆኑን የሚያውቀው አንድ ናቲ ብቻ ነው፤ ናቲ ደግሞ ሻጭ ነው።

«ኧረ በእማምላክ! ፕሮፌሰር!» አለ ለመጀመሪያው ፍሬም። «ላንተ የተሠራ ነው።»

ሁለተኛውን አደረገልኝ። «ዋው! ማለቴ… በቃ ቃል የለኝም። ላንተ የተሠራ ነው።»

ሦስተኛው ሲመጣ አስር ዓመት ቀነሰልኝ። እሱም ለእኔ የተሠራ ነበር። የፋብሪካ ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ለእኔ ለላንቻው ሰይድ ፍሬም ሲሠራ የከረመ መሰለኝ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

አራተኛውን ሲያደርግልኝ ናቲ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄደ፤ እርምጃውን በጆሮዬ ቆጠርኩ። «ብሮ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ እዚህ ቤት ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ፍሬም እንዲህ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም። ይሄን አድርገህ ሰኞ ከገባህ ፈተናም አይፈትኑህም። ልዘዝልህ አይደል? ባለሙያው ቡና ሊወጣ ነው፣ አሁን ካልሰጠሁት…»

ለስላሳውን ግማሽ ድረስ ጠጥቼዋለሁ። አፌን ከፈትኩ። «እሺ» ልል ነው።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ በሰው ነገር መግባቴ አይደለም። ልቤ አልችል ብሎ ነው» አለ የሴት ድምፅ፣ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር። «እሱ የሴት ነው።»

«ዩኒሴክስ ነው እህቴ!» አለ ናቲ ወዲያው።

«ጎንና ጎኑ ላይ ቢራቢሮ አለው።»

ፍሬሙን አወለቅኩና ከአፍንጫዬ አንድ ስንዝር ላይ ያዝኩት። አለ። ክንፏ ላይ ትናንሽ የሚያብረቀርቁ ጠጠሮች የተደረደሩባት፣ እርማት የማያሻት ቢራቢሮ። ሰኞ ጠዋት ሦስት ፈታኞች ፊት ጆሮዬ ሥር ሁለት ቢራቢሮ አስቀምጬ ስቀርብ ታየኝ፤ ላብ አጠመቀኝ።

ናቲ ግን የዋዛ አልነበረም። ወዲያው ወደ እሷ ዞረ። «እህቴ፣ አንቺ ራስሽ እንዴት ያለ ዓይን ነው ያለሽ! ትልልቅ! ለዚህ ዓይን…»

«ትልቅ ያደረገው ጠብታ ነው» አለችው። «ከዓይን ሐኪም ነው የመጣሁት። እስኪለቀኝ የቅርብ ነገር አይታየኝም።»

ስሟ ዘሀራ ነበር። ጠላፊ ናት፤ ቂርቆስ ውስጥ በአንድ ክፍል ቤት የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ትሠራለች። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ከከበዳት ወራት ስላለፉ ሐኪም የቅርብ መነጽር አዞላት ነው የመጣችው። የሩቁን ታያለች፣ የቅርቡ ይደበዝዝባታል። እኔ የቅርቡን አያለሁ፣ የሩቁ የለኝም። ናቲ የሰጣትን ፍሬም ዋጋ ማንበብ ስላቃታት «ወንድሜ፣ አንተስ ይታይሃል?» ብላ ዘረጋችልኝ፤ አፍንጫዬ ላይ አስጠግቼ አነበብኩላት። «ለዚህች?» አለችና መልሳ ለናቲ ሰጠችው። «አይ፣ አመሰግናለሁ።»

በቃ። ይህን ብቻ ነው ያለችው። አልተቆጣችም፣ አላመካኘችም። «እናቴን ላማክር» አላለችም። እንዲህ ማለት እንደሚቻል ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

«አንተስ፣ አትሄድም?» አለችኝ ስትነሳ።

«ለስላሳውን ጠጥቻለሁ» አልኳት በሹክሹክታ።

«ታዲያ የለስላሳውን ክፈለው።»

«አይቀበልም።»

«እንግዲያው ጋበዘህ ማለት ነው፤ አመስግነህ ውጣ።»

ተነሳሁ። ወደ ናቲ ጭጋግ ዞሬ «እሺ… አይቼ እመለሳለሁ» አልኩና ወጣሁ።

ውጭ ፀሐዩ ለእሷ ከባድ ነበር፤ የሂጃቧን ጫፍ ዓይኗ ላይ ጋረደች። እኔ ስለሷ የማውቀው ድምፅዋንና አንድ አረንጓዴ ነገር መሆኗን ብቻ ነው።

«'አይቼ እመለሳለሁ' ለምን አልከው?» አለችኝ።

«እንዲሁ ነው የሚባለው።»

«ልትመለስ ነው?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ስለዚህ ዋሸኸው። እሱም ዋሸህ። እኩል ናችሁ» አለችና ሳቀች።

የሳቀች ቢሆንም ነገሩ ገባኝ። ዕድሜዬን ሁሉ ሻጮች የሚሸነግሉኝ መስሎኝ ነበር። እኔስ? «አይቼ እመለሳለሁ»፣ «ደመወዝ ስቀበል እመጣለሁ»፣ «ወላሂ በጣም ቆንጆ ነው፣ ግን…» ለካ አንዱ ባንዱ ላይ ስንዋሽ ነው የኖርነው።

ሌላ መነጽር ቤት ፍለጋ አብረን ሄድን። ማን ማንን እንዳስከተለ አላውቅም። እሷ ሩቁን ትነግረኛለች። «ደረጃ። ምሰሶ። ሰው። ካልሲ ሻጭ በስተቀኝ፣ ዓይንህን እንዳትሰጠው።»

«የምሰጠው ዓይን የለኝም» አልኳት።

ሁለተኛው ቤት የተቀበለችን ሴት ገና ከበሩ «ውይ የኔ ቆንጆዎች! ባልና ሚስት ናችሁ አይደል? አስተያየታችሁ ብቻ ያስታውቃል!» አለች። እንግዲህ እኔ የዘሀራን አፍንጫ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። ዘሀራ ሳቋን በሳል ሸፈነችው። ሴትዮዋ ለሁለታችን አንድ ዓይነት ፍሬም ልታለብሰን፣ በዚያ ላይ ለመኪና መንጃ የሚሆን ቢጫ መነጽር ልትጨምርልን ግማሽ ሰዓት ታገለች። መኪና የለንም ብንላት «ልትገዙ ነዋ! ፊታችሁ ይናገራል» አለችን። ሌንሱን ግን የሚቆርጡት ለሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። ዘሀራ ወደ እኔ ዞረች፤ ጭጋጉ ሲዞር ታውቆኛል። ተራው የእኔ ነበር።

«አይ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ። ድምፄ ትንሽ ጮክ አለብኝ እንጂ አልኩት። ሰማይ አልተደፋም። ሴትዮዋም «እሺ፣ ደህና ሁኑ» ብላ ወደ ሌላ ሰው ሄደች። በሩ ላይ ስደርስ እንደ ሕፃን መዝለል አምሮኝ ነበር፤ ደረጃውን ስለማላየው ተውኩት።

ሦስተኛው ቤት ተዘግቶ ነበር። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። በዚያው ቀን ሌንስ የሚቆርጥልኝ ቤት አንድ ብቻ እንደሆነ ሁለታችንም አውቀነዋል።

«እንግዲህ ያልከውን ቃል ልትፈጽም ነው» አለችኝ ዘሀራ።

ስንገባ ናቲ ለአንድ ሰው ፍሬም እያደረገለት ነበር። «ላንተ የተሠ…» ብሎ አቋረጠው። ቀርቦ ክንዴን ያዘኝ።

«ተመለስክ?» አለኝ። ድምፁ ቅድም የሰማሁት ድምፅ አልነበረም። «ብሮ፣ ሦስት ዓመት ነው እዚህ የቆምኩት። በቀን ስንት ሰው 'አይቼ እመለሳለሁ' ይለኛል። የተመለሰ ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ። ሙት ስልህ!»

ሌላ ቤት ለዛሬ ስላልደረሰልኝ ነው የመጣሁት አልኩት፤ እውነቱን መናገር ሱስ ሆኖብኝ። ናቲ ሳቀ። ወንበር ስቦ እሱም ተቀመጠ።

«በቃ እኔም ልንገርህ። የቢራቢሮው ፍሬም ዓመት ሙሉ አልሸጥ ብሎኝ ነው። ማለቴ፣ የማያይ ሰው ሳገኝ ዛሬ ይሄዳል ብዬ ነበር። አለቃዬ የቆዩትን ካላወጣህ ይለኛል።» ከዚያ መሳቢያ ሲስብ ሰማሁ። «ማንም 'ዋው' የማይለው ፍሬም አለ። ርካሽ ነው። አይሰበርም። በቃ ሌላ የምለው የለኝም።»

አደረገልኝ። ዘሀራ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ አራት እርምጃ ያህል ትርቃለች፣ ለእሷ ዓይን የተመቸ ርቀት ነው። «ቀና በል» አለችኝ። «ወደ መስኮቱ ዙር። አሁን ሳቅ።»

ሳቅኩ።

«ቆንጆ አላደረገህም» አለች። «ግን አንተን ይመስላል። እሱ ነው።»

ከዚያ በፊት በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ቆንጆ ተብያለሁ፤ ሁሉንም ከፍዬበታለሁ። «አንተን ይመስላል» ተብዬ ግን አላውቅም ነበር። ለሰባት ሰዓት አስር ጉዳይ ሲል ትእዛዙ ገባ።

የቀረው የእሷ ፍሬም ነው። «አንተ ምረጥልኝ እንጂ፣ ብድርህን መልስ» አለችኝ።

«የማየው ከስንዝር ላይ ነው። ስንዝር ድረስ መቅረብ ደግሞ ኒካህ ይጠይቃል» አልኳት።

ከአፌ ካመለጠ በኋላ ደነገጥኩ። ናቲ በሳቅ ፈነዳ። ዘሀራም ሳቀች፤ «እንግዲያው መነጽርህ እስኪደርስ እንጠብቃለን» አለች። እስከዚያ የእሷም ጠብታ ይለቃታል።

እዚያው አካባቢ ሻይ ቤት ገብተን ሳምቡሳ በሻይ በላን። ሦስት ሰዓት አወራን፤ ፊቷን ሳላይ። አባትና እናቷ ሲሞቱ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሁለት ታናናሾቿን ያሳደገችው በመርፌ ነው፤ ልጁ ዘንድሮ ሥራ ይዟል፣ እህቲቱ አግብታለች። እሷ ሠላሳ ስምንት ሞልቷታል።

«እውነት መናገር ግን ከየት መጣብሽ?» አልኳት።

«ከአንድ ሙሽራ» አለችኝ። «ቀሚሷን ስለካላት ትከሻው ላይ አልተቀመጠም። እናትየዋ በጣም ደስ ብሏት ስለነበር ይሉኝታ ያዘኝ፤ 'አምሮብሻል' አልኳት። በሠርጉ ቀን ልጅቷ የራሷን ፎቶ አይታ አለቀሰች። 'አንቺ ሙያተኛዋ አምሮብሻል ስላልሽኝ እኮ ነው' አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልችልም። ደንበኛዬ ጥቂት ነው፤ የመጣችው ግን ትመለሳለች።»

አስር ሰዓት ላይ ተመለስን። ናቲ መነጽሩን በጨርቅ ወልውሎ ይዞ ቆሞ ነበር። አደረግኩት። መጀመሪያ የታየኝ የናቲ ፊት ነው፤ ጥርሱ መሐል ክፍተት ያለው፣ ከድምፁ ይልቅ ልጅ የሆነ ፊት። ከዚያ ዘወር አልኩ።

ዘሀራ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

«እንግዲህ ተራህ ነው» አለች። «ከፍሬሙ በፊት ግን ፊቴን ንገረኝ። ሳታየኝ ስንት ሰዓት አብረኸኝ ዋልክ። እንዴት ነኝ? እውነቱን ብቻ።»

አሁን ፍርሃቴን ልንገራችሁ። ከሰኞው ፈተና ይልቅ ይህ ከብዶኝ ነበር። ቃል ጠፍቶኝ አይደለም፤ አፌ ሞልቶ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ የሰማሁት የሻጭ ቃል ሁሉ ምላሴ ላይ ተደርድሯል። ናቲ ከኋላዋ ሆኖ አውራ ጣቱን ወደ ላይ አድርጎ «በል፣ በል» ይለኛል። ከዋሸኋት በዚያው ቅጽበት ከሌላው ሰው ሁሉ ጋር እንደምትመድበኝ ገባኝ። ያንን አልፈለግኩም። በጣም አልፈለግኩም።

አየኋት። በደንብ፣ እንደ ጽሑፍ፣ መስመር በመስመር። መልከ መልካም ነበረች፤ ግን ዓይኔ ያረፈው እሱ ላይ አልነበረም። ከዓይኖቿ ሥር ያለው ጥቁረት፣ መርፌ ሲከተል የኖረው የግንባሯ መስመር፣ ተቀምጣ እንኳ ያላረፈው ትከሻዋ ታየኝ።

«ደክሞሻል» አልኳት።

ናቲ ሁለት እጁን አናቱ ላይ አደረገ። «ኧረ ብሮ! ሙት!» አለ።

ዘሀራ የሂጃቧን ጫፍ ሳበችና ዓይኗን ጠረገች።

«ጠብታው ነው» አለች።

ጠብታው ከለቀቃት ሰዓት አልፎታል፤ ሻይ ቤት ሳለን የሂሳቡን ወረቀት እጇን ዘርግታ ራቅ አድርጋ ራሷ ነበር ያነበበችው።

«ሃያ ዓመት 'ጎበዝ ነሽ'፣ 'አምሮብሻል'፣ 'አንቺን ማን ይችላል' ተብያለሁ» አለች በመጨረሻ። «እንዲህ ያለኝ ሰው የለም።»

የእሷን ፍሬም መረጥን። እሱን በተመለከተ ናቲ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ዋጋውንም ሳንጠይቀው ቀነሰልን።

ሰኞ ፈተናውን ተፈተንኩ። የሰጡኝን ጽሑፍ አርሜ ስጨርስ ከሦስቱ መሐል ላይ የተቀመጡት ሰውዬ «ፊደሉን ተወውና ጽሑፉ ራሱ እንዴት ነው?» አሉኝ። በአዲሱ መነጽሬ ፈገግታቸው በደንብ ይታየኛል፤ ጸሐፊው እሳቸው እንደሆኑ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም ነበር። የድሮው ሰይድ ቢሆን ኖሮ ሽልማት ይሰጣቸው ነበር። እኔ «የመጀመሪያው ገጽ አያስፈልግም፤ ነገሩ የሚጀምረው ከሁለተኛው ነው» አልኳቸው። «በጣም ጥሩ፣ እናሳውቅሃለን» አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አላሳወቁኝም። «እናሳውቅሃለን» ማለት በትልልቅ ሰዎች አፍ «አይቼ እመለሳለሁ» ማለት እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ማታ ማታ ያንገበግበኝ ነበር፤ ቆይቶ ተወኝ።

እናቴ መነጽሬን አይታ «አልሐምዱሊላህ፣ በዕድሜህ አንድ የሚያስፈልግህን ነገር ገዛህ» አለች። ስለ ዘሀራ የነገርኳት ከሳምንት በኋላ ነው። በስምንተኛው ወር ሽማግሌ ተላከ፤ ኒካህ ታሰረ። ናቲ ሱፍ ለብሶ መጣና «አምሮባችኋል» አለን። ጠርጥረን ስናየው «ኧረ ዛሬ እረፍቴ ነው፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው የምናገረው!» ብሎ ማለ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሻጭን እንድትጠሉ አይደለም ይህን ሁሉ የተናገርኩት። ናቲን አውቀዋለሁ፤ ክፉ አይደለም። «ላንተ የተሠራ ነው» የሚለው እኔና መሰሎቼ እሱን ካልሰማን ስለማንገዛ ነው። ሽንገላ የሚሸጠው የሚገዛው ስላለ ነው፤ እኔ ደግሞ በጅምላ ስገዛ ኖሬያለሁ። አሁን ሱቅ ስገባ ካልፈለግኩ «አይ፣ አመሰግናለሁ» እላለሁ። ከዚህ በኋላ ሌላ ቃል አልጨምርም፤ የጨመርኩት ቃል ሁሉ ውሸት እንደሚሆን አውቃለሁና። አልዋሻችሁም፣ አንዳንዴ ያቅተኛል። ባለፈው ወር የኤሌክትሪክ እንቁላል መቀቀያ ገዝቻለሁ። ሻጩ አዛውንት ነበሩ፤ ምን ላድርግ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዛሬ እቤታችሁ ስትገቡ እዚያ ያለውን ሰው አንድ ጊዜ በደንብ እዩት። ልታመሰግኑት ወይም ልታስደስቱት አይደለም፤ ልታዩት ብቻ። ከዚያ ያያችሁትን ንገሩት።

ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ለዘሀራ ሰጠኋት። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ አስቀመጠችና መነጽሯን አስተካክላ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«መካከሉ ረዝሟል» አለችኝ። «ናቲን ከእውነቱ በላይ አሳምረኸዋል። እኔ የሳቅኩትም ሁለት ጊዜ እንጂ ሦስት ጊዜ አይደለም። መጨረሻው ላይ ስለ እኔ የጻፍከው ግማሽ ገጽ ደግሞ ሽንገላ ነው፤ አውጣው።»

ሽንገላ አልነበረም፤ አንድም ቃል። ግን አወጣሁት። ለካዛንቺስ ሻጭ ሁሉ እምቢ ማለት የለመደው አፌ ለእሷ ገና አልለመደም።